ለሶር ሳንቲም የሚሆን ሰው ፍለጋ

ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በቁመቱ የሚመድብ ብዙ አይቻለሁ። ሰውን «አዲስ ገንዘብ ቀድሞ የሚገዛ» እና «ቆይቶ የሚገዛ» ብሎ የሚመድብ ያየሁት ግን ናትናኤል ወደ ቤተሰባችን ከመጣ ወዲህ ነው። መቱ ውስጥ ከፎቶ ኮፒና ከጽሕፈት ሱቄ ተነቅዬ፣ ያንን ቀድሞ የሚገዛ ሰው ፍለጋ እዚያው ኢሉባቦር ቡሬና ኡካ ድረስ የተንከራተትኩትም በእሱ ጦስ ነው። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። ሳቁ፤ የከተማው ሰው እንደሆነ ስቆ ጨርሷል፣ እናንተ ብትቀሩ ይከፋኛል።

ናትናኤል የባለቤቴ ታናሽ እህት የሌንሴ እጮኛ ነበር። ሌንሴ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር የሰው ደም ስታይ ስለምትውል ነው መሰለኝ ቃል አታባክንም። እሱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ቴክ ላይ ነኝ» ይላል። ቴክ ላይ መሆን ምን እንደሆነ ከቤተሰቡ የገባው ሰው የለም፤ ነገር ግን ሰውየው በክረምት መጥቶ ጫማው ጭቃ ሳይነካው ይመለስ ነበር። በእኛ አገር ክረምት ጫማው ጭቃ ያልነካው ሰው ወይ ባለሥልጣን ነው፣ ወይ ከመኪና አልወረደም። ሁለቱም ለጋብቻ ይበቃሉ ተባለ። ሽማግሌ ላከ፣ ተፈቀደለት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ «ፕሮጀክቱ ይለቅና» እያለ ሠርጉን ሲገፋ ኖረ።

ፕሮጀክቱ በመጨረሻ ለቀቀ። «ሶር» የሚባል ዲጂታል ገንዘብ ሆኖ ተገኘ። ስሙን የወሰደው ከእኛው ፏፏቴ ነው፤ ለሙሽራዋ አገር ያለውን ፍቅር ለመግለጽ መሆኑን አማቴ ቤት ምሳ ላይ ቆሞ ነገረን። የማይጨበጥ፣ የማይታይ፣ ኪስ የማይገባ፣ ስልክ ውስጥ የሚኖርና በየዕለቱ ዋጋው የሚጨምር ገንዘብ ነው አለ።

አማቴ እትዬ ዲንቄ ትርፍራፊውን ለቦቃ ጊደራቸው ሊሰጡ ሳህን እያነሱ ሰሙትና፣ «ልጄ፣ ሶርን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሲወርድ እንጂ ሲወጣ አይቼው አላውቅም» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ናትናኤልም ሳቀ፤ ጥርሱ ያማረ ነው። ሌንሴ ብቻ አልሳቀችም፤ «እና ሠርጉ?» አለችው። «ዋጋው ሲጨምር» አላት። ሴት ልጅ ለሠርጓ ቀን ስትጠይቅ ዋጋ የተነገራት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

ከምሳ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ የኢሉባቦር አምባሳደር ይሆኑልኛል» አለኝ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ማመልከቻ ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «የተከበሩ» የሚለውን ቃል የምጽፈው ለሌላ ሰው ነው። አምባሳደር ሲለኝ አንገቴ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። ባለቤቴ አየችኝና፣ «አንገትህን ምን ሆንክ?» አለችኝ።

በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ሥልጠና ሰጠኝ። አንድ ገንዘብ የሚቆመው በመጀመሪያዎቹ ሰዎች ነው አለ። «ቀዳሚ ተጠቃሚ» ይባላሉ። ቀዳሚ ተጠቃሚ ጥሪት ያለው፣ ዘመናዊ ስልክ የያዘ፣ ሰው የሚሰማው፣ አዲስ ነገር የማይፈራ መሆን አለበት። «ከሁሉም በላይ ግን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥያቄ የማያበዛ።»

ጥሪትና ጥያቄ አለማብዛት አንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኙ አልገባኝም። የእኛ አገር ባለጸጋ ሎሚ ሲገዛ እንኳ የዛፉን ዕድሜ ይጠይቃል። ነገር ግን አምባሳደር ነበርኩና ዝም አልኩ፤ አሁን ሳስበው ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ጥያቄ የማያበዛ ሰው ተገኝቶ ነበር፣ ጥሪት ብቻ ነው የጎደለው።

በመቱ አዲስ ነገር የሚጀምር ጠፍቶ አያውቅም። ባጃጅ ቀድሞ ያስገባው ሰው ዛሬ ፎቅ ሠርቷል። አይስክሬም ቤት ቀድሞ የከፈተው ደግሞ፣ ዝናብ ፋታ በማይሰጥበት አገር የልጆቻችንን ደረት ጨረሰ ተብሎ በእናቶች ርግማን ዘግቷል። የከተማው ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ የተማረው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ሌላው ይሞክረው። ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ ከተማው እንዲሁ ይመሻል።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መምህር ገመቹ ነው። ኢኮኖሚክስ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ የገባውን ላልገባው በነጻ ሲያድል ይውላል። በአድናቂዎቹ መካከል ነገሩን ነገርኩት። ማኪያቶውን አስቀመጠና ስለ ገንዘብ ታሪክ ከአሞሌ ጨው ጀመረ። አሞሌው ሲያልቅ የእኔን ማኪያቶ ወስዶ ቀጠለ። በመጨረሻ፣ «ለመሆኑ ይኼን ሶር የምትለውን ከጀርባው የሚደግፈው ምንድን ነው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት። አምባሳደር መሆኔን ለማለት ነበር።

በረንዳው ሙሉ ሳቀብኝ። መምህር ገመቹ ሳቁ ጋብ እስኪል ጠብቆ፣ «እንግዲህ ወገኖቼ፣ ድንቁርና ዲጂታል ሲሆን እንዲህ ነው» አለ። ሒሳቡን እኔ ከፍዬ ወጣሁ።

መቱ ነቢይዋን አታከብርም ብዬ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ተሻገርኩ። ቡሬ የቡና ነጋዴ አይጠፋም። የት እንደምጀምር ስላላወቅኩ አንዲት ሻይ ቤት ገባሁና ባለቤቷን፣ «እህቴ፣ እዚህ ከተማ ጥሪት ያለው፣ ሰው የሚያከብረው፣ ሥራው የተስፋፋ ሰው ማን ማን ነው?» አልኳት።

ሴትዮዋ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። እጇ ቆመ። «ማል ጄቹዳ?» አለች፣ ምን ማለት ነው እንደማለት። ጥያቄውን በኦሮምኛ ደገምኩላት፤ በኦሮምኛ ሲሆን ደግሞ ይብሱን አስፈራ። ላስቲክ ቦርሳዬን አየች፣ ያሰርኩትን ከረባት አየች። ከረባቱን ናትናኤል ነው ያሰረልኝ፤ አፈታቱን ስለማላውቅ ለብሼው አድሬ ነበር። ሻዬን ሳልጨርስ ከውጭ የሱቅ ቆርቆሮ በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ። የግብር ገማች መጣ ተብሏል።

ጋሼ መኮንን የሚባሉት ትልቁ የቡና ነጋዴ መዝጋት አልደረሰላቸውም። መጋዘናቸው ስገባ ክርኑ የተቀደደ ኮት በጥድፊያ እየለበሱ ደረስኩባቸው። ከኋላቸው ጆንያ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቡናው የእርስዎ ነው?»

«የሰው አደራ ነው» አሉ።

«ውጭ የቆመው አይሱዙስ?»

«የእህቴ ልጅ ነው። እኔን ለማሳከም ነው ያመጣው።»

ሆዳቸውን አየሁት። እሱን ብቻ የሰው አደራ ነው ማለት አልቻሉም።

ከግብር እንዳልመጣሁ ለማስረዳት ብዙ ማልኩ። ሲገባቸው ፊታቸው በራ፤ ኮቱን አውልቀው ወረወሩት። ከዚያ የተደበቀው ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ወደ በሩ ወጥተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ወንድሜ፣ እኔ ቡና እንጂ አየር አልነግድም። አየር የሚነግድ ጎማ ነፊ ነው። ሂድ፣ መናኸሪያው ጋ ይቀጥሩሃል።» መንገዱ ሁሉ በሩን ከፍቶ ሳቀ። ገማች አለመሆኔን ያበሰርኩት ከተማ በምስጋና ፈንታ እየተጠቋቆመ ሸኘኝ።

ኡካ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር፤ ነገር ግን መንገድ ላይ ተገልብጧል። ቡሬ ላይ ገማች የነበርኩት ሰውዬ ኡካ ስገባ እርዳታ መዝጋቢ ሆኛለሁ። ከመኪናው ስወርድ ሰው ተሰልፎ ጠበቀኝ። እናቶች ሕፃናት አዝለዋል፤ አንዱ የታመመ እግሩን ቀድሞ ገልጦታል።

«ወገኖቼ፣ እኔ የምፈልገው ገንዘብ ያለው ሰው ነው» አልኩ።

ጋሽ ሰይድ የሚባሉ፣ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያው ያረጁ ገበሬ፣ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት ቀረቡ። «እርዳታ ገንዘብ ላለው ሰው መስጠት የተጀመረው መቼ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ከኋላ አንዱ፣ «ድሮም እንደዚያው ነው፤ ዛሬ በግልጽ መናገር ተጀመረ እንጂ» አለ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ማንም አልሰማም። ሀብታም ብቻ የሚመዘግብ ሰው ተይዟል ተባለ፤ ከረባቴን የያዘው ሰው ሊያንቀኝ ፈልጎ ይሁን ሊፈታልኝ እስካሁን አላወቅኩም። ሚሊሻ ደርሶ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወሰደኝ። የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆኑ አልናገርም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ኃላፊው የሶርን ነገር ከእኔ ከሰሙ በኋላ ሕዝቡ በመስኮት እያየ ገሠጹኝ። ጠረጴዛውን መቱት። የድሃውን ሕዝብ ሰላም የሚያደፈርሱ፣ በሌለ ገንዘብ ያለውን የሚያታልሉ ከንቱ ሰዎች ብለው የእኔን ከረባት እያሳዩ ተናገሩ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ መጋረጃውን ሳቡት፣ በሩን ዘጉት፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ለመሆኑ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ገና መጀመሪያው ላይ ነው? አልረፈደም?»

የኢሉባቦር የመጀመሪያው ቀዳሚ ተጠቃሚ የተገኘው እንደዚህ ነው። «ስሜ እንዳይታወቅ፣ ለሚስቴም ቢሆን» ብለው በሚሊሻ አስጠብቀው ወደ ሚኒባሱ መለሱኝ።

እኔ አንድ ኃላፊ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያገኘሁት የሽያጩን ብልሃት ነው። መቱ ከተመለስኩ በኋላ ሱቄን ማንኳኳት ጀመሩ፣ አንድ በአንድ፣ በማለዳ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት። በረንዳ ላይ የሳቀው ሁሉ ፎቶ ኮፒ አማረው። መታወቂያውን ኮፒ ሊያደርግ ይመጣል፤ ኮፒው ሲወጣ ግራ ቀኝ ያይና፣ «ያ ነገር እንዴት ነው?» ይለኛል። መምህር ገመቹ ሲመጣ ፀጉሩን በኮፍያ ሸፍኗል። «ለጥናት ነው። ከውስጥ ካልታየ አይተችም» አለኝ። ጥናቱን በደመወዙ ሊጀምር ያሰበ መስሎኝ ነበር፤ የጀመረው ከወንድሞቹ ጋር ለቤት መሥሪያ ባጠራቀመው ነው። ጋሼ መኮንን እህታቸው ሆስፒታል ተኝታ ሊጠይቁ ከቡሬ መጡ። እህት የላቸውም። አይሱዙውን የእህታቸው ልጅ ነው ማለታቸውን ረስተውታል፤ አየር ለመግዛት አይሱዙውን ሸጠው በሚኒባስ ነው የመጡት።

ሁሉም «ለማንም እንዳትናገር» እያሉ አስማሉኝ። በየሃይማኖታቸው ማልኩላቸው፤ ከማልኩት ውስጥ የእኔ አንዱ ብቻ ነው።

ናትናኤል ከሽያጩ የድርሻዬን በሶር ሰጠኝ። ስልኬ ላይ ሲጨምር አየሁት። ጠዋት ሲነጋ ከፍ ብሏል፣ ምሳ ሰዓት ደግሞ ከፍ ብሏል፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ እሱ ይጨምራል። ሁለተኛ ፎቶ ኮፒ ማሽን ልገዛ ያስቀመጥኩትን ጨመርኩበት። ያን ሰሞን የከተማው ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሆነ። መምህር ገመቹ ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት ጀመረ። ጋሼ መኮንን በተገናኘን ቁጥር ባርኔጣቸውን ያነሱልኝ ነበር። ማን ለምን ደስ እንዳለው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ንስሐ አባት መሆን እንዲህ የሚጣፍጥ ከሆነ በከንቱ ነው ትየባ የተማርኩት አልኩ።

ሌንሴ አንድ ቀን ሱቅ መጣች። «ጋሼ፣ ናትናኤል በየቀኑ ይደውልልዎታል አይደል?» አለችኝ።

«በየቀኑ» አልኩ በኩራት።

«እኔ ጋ ከደወለ ሰነበተ። ስለ ሠርጉ ያነሳው ነገር አለ?»

አልነበረም። እኔም አንስቼበት አላውቅም። «ዋጋው ትንሽ ይጨምር ይላል» አልኳት፤ ይኼን ደግሞ ከራሴ ነው የጨመርኩት። ዞራ ወጣች። ሱቁ ውስጥ ብዙ ቆሜ የሄደችበትን አየሁ፤ የዚያኑ ያህል ቆይቼ ስልኬን አየሁ። ጨምሯል።

ከዚያ አንድ ማለዳ «ጥገና ላይ ነን» የሚል ጽሑፍ መጣ። ለናትናኤል ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ከእሱ ጋር የምንጻጻፍበት የቴሌግራም አድራሻም ጠፋ። በሳምንቱ ጥገናው ራሱ ጠፋ፤ ስከፍተው ነጭ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ተላከ፤ የነበረበትን ቤት ለቋል፣ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ከተማው ይደባደባል፣ ሱቄ ይሰባበራል ብዬ ማሽኔን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው፣ «አካም ቡልተን?» ይለኛል፤ ደኅና ነኝ እላለሁ። መቱ ውስጥ አንድም የተዘረፈ ሰው የለም። ብቻ አንዱ ዕቃ የሚሰጠኝ መስሎ ጠጋ ይልና፣ «ጥገናው መቼ ያልቃል?» ይለኛል። መምህር ገመቹ በረንዳው ላይ ሆኖ፣ ሰው እየሰማ፣ «እኔ ያኔ አላልኳችሁም? ሞኝ ያየውን ያምናል፣ ያላየውን ይገዛል» ይል ነበር። አድናቂዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከአድናቂዎቹ መካከል መታወቂያውን ኮፒ ያላደረግኩለት ማን እንደሆነ ስፈልግ አንድም አጣሁ።

ናትናኤል ሲያሠለጥነኝ የነገረኝ ምልክት ሁሉ ልክ አልነበረም። ስልክና ጥሪት፣ ድፍረትም ጭምር፣ ለሽፋን ነው። የሚፈልገው ሰው በአደባባይ የሳቀውን ነበር። እንዲያ ያለ ሰው ቢዘረፍ አይጮኽም፤ መጮኽ ማለት ያን ሳቁን መልሶ መዋጥ ነው። እኔን ሰው እንዲስቅብኝ በከረባት አሳምሮ መላኩ የገባኝ ያኔ ነው።

በኋላ ከሌላ ከተማ አቤቱታ የቀረበ ጊዜ ፖሊስ በመቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ከቡሬም ከኡካም ሰው መጣ፤ ሁሉም ለሌላ ጉዳይ መጥቶ በአጋጣሚ ያለፈ ነው። ጋሼ መኮንን ለሐዘን መጥተው ነበር። ያ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንግዳ ሆነው የፊት ወንበር ተሰጣቸው። አማቴ ከባለቤቴና ከሌንሴ ጋር መሐል ተቀመጡ፤ እኔ ከዓምድ ኋላ ነበርኩ።

መርማሪው ወጣት፣ ትሑት ሰው ነው። «በዚህ ሶር በሚባል ነገር የተጎዳችሁ እጃችሁን አውጡና ትመዘገባላችሁ። ካልተመዘገባችሁ ልንረዳችሁ አንችልም» አለ።

መምህር ገመቹ ጣሪያውን መመርመር ጀመረ። ጋሼ መኮንን የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ አሉ፤ ጫማቸው ክር የለውም። እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ያዝኩት፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ ነበር የያዝኩት።

«አንድም የለም?» አለ መርማሪው።

ሌንሴ ተነሳች። «እኔን ይመዝግቡኝ» አለች።

«ስንት ነው የተወሰደብሽ እህቴ?»

«ገንዘብ አልሰጠሁትም። እጮኛው ነበርኩ። ሁለት ዓመት ነገ ዛሬ እያለ አስቀመጠኝ። ስሜን ተጠግቶ ነው እዚህ አገር የገባው። ይኼ የሚጻፍ ከሆነ ይጻፍልኝ።» ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ብቻ ተሰበረ።

በሰው ለቅሶ የራስን እርም ማውጣት የምታውቁት ነገር ነው። እንደዚያ ቀን ግን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው «እኽኽ» አለ፤ ከዚያ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ኃላፊው መሐረብ አውጥተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ነፈረቁ። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው፣ እንዲህ ያለች ልጅ» ይላሉ። ጋሼ መኮንን ካጎነበሱበት ቀና ሳይሉ፣ «ጉድ አደረገሽ እኮ፣ ባዶ አስቀረሽ» እያሉ ጫማቸው ላይ ያለቅሳሉ። መምህር ገመቹ ግድግዳ ተደግፎ እንባውን በኮፍያው ይጠርጋል። ሌንሴ ግራ ገብቷት ዞራ አየችን፤ ይኼን ያህል የሚወዳት አገር እንዳላት አታውቅም ነበር።

ከሁሉ የበረታው የእትዬ ዲንቄ ነው። ደረታቸውን እየደቁ፣ «ልጄን፣ ልጄን» ይላሉ። ባለቤቴ ትደግፋቸዋለች። መርማሪው ራሱ ሆዱ ተነካና፣ «እናትየዋ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አዎ ተባለ። እሳቸውም ቀጠሉ፦ «ልጄን ጉድ አደረጋት፣ ልጄን፣ ጊደሬን፣ ያቺን ቦቃ ጊደሬን።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። መርማሪው ብዕሩን አነሳና፣ «ጊደር ደግሞ ምንድን ናት እናቴ? ጊደርም ወስዷል?» አላቸው።

እትዬ ዲንቄ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁላችንም እናያቸዋለን፤ ሌንሴም ታያቸዋለች።

«የለም ልጄ» አሉ። «ጊደሯን ለወንድሜ ነው የሰጠኋት። እንዲያው ትዝ ብላኝ ነው።»